ከምርቃት እስከ ማይል፦ የጉዞ ነጥብ ታሪክና ማኅበራችን የተማረው

ይህ መጽሔት የማኅበራችንን 25ኛ ዓመት ለማክበር ሲዘጋጅ ስለ ምሥረታችን፣ ስለ እድራችንና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት እንዲጽፉ የተመደቡ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ በናይሮቢ በችርቻሮ ንግድ የምንተዳደር አባላት ደግሞ ከሥራችን ጋር የተያያዘ ታሪክ እንድናቀርብ ተጠየቅን። የመረጥነው ርዕስ ለአንዳንዱ ሰው ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ስለ ጉዞ ነጥብ፣ ማለትም በተለምዶ «ማይል» ስለምንለው ነገር ነው። ሆኖም ይህ ትንሽ ነገር አንድ ጊዜ አንድ አባላችንን ከእናቱ ቀብር አስቀርቶታል፤ ኋላ ደግሞ ሌሎችን ለለቅሶና ለሕክምና አድርሷል። ስለዚህ በኢዮቤልዩ መጽሔታችን ቦታ ቢሰጠው አይበዛበትም ብለን ብዕራችንን አነሣን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ምርቃትና ዱቤ

አገር ቤት ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ምርቃትን ያውቃል። እናቶቻችን ጤፍ ሲሰፈርላቸው መስፈሪያው ከሞላ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ!» ይላሉ፤ ሻጯም አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ምርቃት በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ የማይመርቅ ሻጭ ግን ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ሲሄድ ያያል። ይህ ምርቃት ሦስት ጠባይ አለው። እዚያው ይሰጣል፤ በዓይን ይታያል፤ አንዴ ከረጢት ከገባ በኋላ ማንም መልሶ አይወስደውም። ይህን እንያዝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ምርቃት ከእፍኝ ወደ ወረቀት የዞረበት አንዱ ታዋቂ ምሳሌ በአሜሪካ ይገኛል። በ1896 የተቋቋመው ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የተባለ ድርጅት ለባለ ሱቆች ትናንሽ አረንጓዴ ቴምብሮች ይሸጥ ነበር። ባለ ሱቁ ለደንበኛው በገዛው መጠን ቴምብር ይሰጠዋል፤ ደንበኛው በደብተር ላይ እየለጠፈ ይሰበስባል፤ ደብተሩ ሲሞላ በቤት ዕቃ ይለውጠዋል። ዛሬ በስልካችን ላይ የምናየው ነጥብ ሁሉ የዚህ ቴምብር የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ ባለ ሱቆች ነገሩን በሌላ መንገድም እናየዋለን። በየሱቃችን የዱቤ ደብተር አለ። ደንበኛው የወሰደውን እንጽፋለን፤ ደመወዝ ሲደርስ ይከፍለናል። ነጥብ የዱቤ ግልባጭ ነው፤ ባለ ዕዳው ድርጅቱ፣ አበዳሪው ደንበኛው ነው። ልዩነቱ ደብተሩን የሚይዘው ባለ ዕዳው ራሱ መሆኑ ነው። የእኛ ተበዳሪ ደብተራችንን ወስዶ፣ የዕቃውን ዋጋ ራሱ እየወሰነ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም «ዕዳዬ ጊዜው አልፎበታል» ቢለን ምን እንል ነበር? የማይል ደንብ ግን በዚህ መልክ የተጻፈ ነው። አባል ስንሆን ተስማምተንበታል።

ማይል እንዴት ተጀመረ?

እስከ 1978 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት የአገር ውስጥ አየር መንገዶችን ታሪፍና መስመር ይቆጣጠር ነበር። በዚያ ዓመት ቁጥጥሩ በሕግ ሲነሣ ውድድሩ ጦፈ፤ ደንበኛን ማቆየትም ችግር ሆነ። በ1979 ቴክሳስ ኢንተርናሽናል የተባለ አየር መንገድ የተበረረውን ማይል እየቆጠረ መሸለም ጀመረ። ነገሩን ያስፋፋው ግን ሜይ 1 ቀን 1981 አሜሪካን ኤርላይንስ የጀመረው «አድቫንቴጅ» የተባለ ፕሮግራም ነው። ዩናይትድም በዚያው ወር የራሱን አስከተለ።

የአየር መንገዶቹ ስሌት ለሱቅ ሰው ግልጽ ነው። ባዶውን የሚነሣ ወንበር ማምሻውን የሚደርቅ ዳቦ ማለት ነው። ሳይሸጥ ከሚቀር ለቋሚ ደንበኛ ቢመርቁት ብዙም አይጎዳም፤ ደንበኛው ግን ያን ወንበር ለማግኘት ሲል ዓመቱን ሙሉ ሌላ አየር መንገድ ደጃፍ አይረግጥም። ቀጥሎ አየር መንገዶች በኅብረት መሥራት ጀመሩ። በ1997 ስታር አሊያንስ በአምስት አየር መንገዶች ተመሠረተ፤ በ2000 ስካይቲም ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በአንዱ ላይ የተገኘ ማይል በኅብረቱ ባልደረባ ላይም መሥራት ቻለ።

ወደ እኛ አካባቢ ሲመጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በኬንያ በኩል ደግሞ የሦስቱ አገሮች የጋራ የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በ1977 ሲፈርስ ኬንያ ኤርዌይስ ተቋቋመ። አውሮፕላን እንግዲህ ከብዙዎቻችን ዕድሜ በፊት ነበረ፤ እኛ ግን ቶሎ አልደረስንበትም። ከመሥራቾቻችን ብዙዎቹ ናይሮቢ የገቡት በሞያሌ፣ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል፣ መንገዱ አስፋልት ሳይሆን በፊት፣ በጭነት መኪና ላይ አቧራ ሲጠጡ ነው። አውሮፕላን መሳፈር የጀመርነው ኢስሊ ሱቅ ከፍተን፣ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተን፣ ለዕቃ ግዢ ወደ ዱባይ፣ ኋላም ወደ ጓንዡ መመላለስ ከያዝን ወዲህ ነው።

ማይልም ያኔ ተከተለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም «ሼባ ማይልስ» ይባላል። ከእኛ አንዳንዶቹ ስሙን ሲሰሙ ለሽበታሞች የተዘጋጀ መስሏቸው «ገና ነን» ብለው ፎርሙን መልሰዋል፤ ሼባ የተባለችው ግን ንግሥተ ሳባ ናት። ኤሚሬትስ በ2000 «ስካይዋርድስ»ን ጀመረ። ኤር ፍራንስና ኬኤልኤም በ2005 «ፍላይንግ ብሉ»ን ሲመሠርቱ ኬንያ ኤርዌይስም ለብዙ ዓመታት በዚያ ሲጠቀም ቆይቶ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «አሳንቴ» የተባለ የራሱን ፕሮግራም አቁሟል። ኬንያ ኤርዌይስ በ2010 የስካይቲም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሴምበር 2011 የስታር አሊያንስ ሙሉ አባል ሆኑ። በዚህ ምክንያት ዋሽንግተን ያለ ልጅ በዩናይትድ ያጠራቀመውን ማይል ተጠቅሞ ለእናቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት መቁረጥ ይችላል። ይህን የማያውቁ ብዙ ቤተሰቦች አሁንም አሉ።

ነጥብ የሚባለውን ነገር ለሁሉም ሰው፣ አውሮፕላን ላልተሳፈረውም ጭምር ያስተዋወቀው ግን ሳፋሪኮም በ2007 የጀመረው «ቦንጋ» ነው። በከተማው ቋንቋ ማውራት ማለት ነው፤ የከፋ ሰዎቻችን ግን የትውልድ ከተማቸው ስም ናይሮቢ ድረስ የመጣ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። የስልክ ካርድ በሞላን ቁጥር ነጥብ ሲመጣ ስናይ «ለካ ምርቃት በስልክም አለ!» አልን።

ያ እሑድ

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንግባ። ማኅበራችን በተመሠረተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ኤም-ፔሳ የሚባል ነገር ገና ባልነበረበት ጊዜ፣ የአንድ አባላችን እናት አገር ቤት አረፉ። ዜናው ቅዳሜ ማታ ለእኛ ደረሰን። እንደ ወጋችን ሽማግሌዎች መርጠን እሑድ ጎሕ ሳይቀድ በሩን አንኳኳን፤ መርዶውን ነገርነው። አልቅሶ ሲያበቃ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለቀብሩ እደርሳለሁ?»

ወንድሞቹ ቀብሩን እስከ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አቆዩለት። እሑድ ማታ የሚነሣ አውሮፕላን ነበረ፤ ወንበርም ነበረ። የዕለት ትኬት ዋጋ ግን ቀደም ብሎ ከሚቆረጠው ከእጥፍ በላይ ነበር። ባንክ ዝግ ነው። ሳህን ዞረ፤ ሁሉም በኪሱ ያለውን ጣለ፤ አልበቃም። በዚህ መካከል ከእኛ አንዱ፣ ወደ ዱባይ ሲመላለስ የኖረ ነጋዴ፣ ማይል እንዳለው ትዝ አለው። ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቶ ወደ ኤርፖርት ሮጠ። በአየር መንገዱ መስኮት የተቀመጠችው ልጅ ቁጥሩን አይታ አዘነች። ማይሉ ለደርሶ መልስ የሚበቃ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ወር መጨረሻ ጊዜው አልፎበት ተሰርዟል። ማስጠንቀቂያውም ተልኮ ነበር፤ የተላከው ግን ነጋዴው መክፈት ከተወ ዓመት ወዳለፈው የፖስታ ሣጥን ነው።

በአየር መንገዱ አንፈርድም። ደንቡን አትሞ ሰጥቶናል፤ ያላነበብነው እኛ ነን። ልጁ ሰኞ ባንክ ሲከፈት ገንዘቡ ተሟልቶለት ማታ ተሳፈረ፤ ለሠልስቱ ደረሰ። ድንኳኑን አገኘው፤ እናቱን ግን በእጁ አፈር ሳያለብስ ቀረ። ያ ካርዱን በመሳቢያ የረሳው ነጋዴ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ የምንጽፈውም ለዚህ ነው።

የማይል መዝገብ

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ነገሩ ተነሣ። አንድ አባል «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የሁላችንም ማይል ወደ አንድ ይሰብሰብ አለ። ስንጠይቅ ግን የአባላትን ማይል ለማኅበር ማዋጣት የፕሮግራሞቹ ደንብ የማይፈቅደው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቀለል ያለ መንገድ ያዝን። ፈቃደኛ አባላት የአየር መንገዱን ስም፣ ያላቸውን የማይል ብዛትና የሚያበቃበትን ቀን በአንድ መዝገብ ያስመዘግባሉ። የይለፍ ቃል አይጻፍም። ጸሐፊው በየሦስት ወሩ መዝገቡን አይቶ ጊዜው የቀረበበትን አባል ያስታውሳል። መርዶ ወይም ከባድ ሕመም ሲመጣ የሚበቃ ማይል ያለው ሰው ይጠየቃል፤ ከፈቀደ በሐዘንተኛው ስም ትኬት ይቆርጣል፤ ማኅበሩ ታክሱንና የኤርፖርቱን ክፍያ ይሸፍናል። እምቢ ያለ አይወቀስም። የሰጠም ገንዘብ አይቀበልም፤ ማይል መሸጥ ክልክል ነውና።

በዚህ መንገድ የተሳፈሩት በቁጥር ብዙ አይደሉም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው በአንድ ክፉ ቀን የተሳፈሩ ናቸው።

ከልምድ ያገኘነው

አንደኛ፣ ስም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የፈረንጅ ፎርም ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ዛሬ በአንድ፣ ነገ በሌላ አጻጻፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ሁለት አባልነት ይዞ ማይሉ ለሁለት ተከፍሎ ተገኝቷል። በፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይቀነስ ሳይጨመር ይሞላ።

ሁለተኛ፣ የአባልነት ቁጥሩ ትኬት ሲቆረጥ ይነገር። የተረሳ እንደ ሆነ የመሳፈሪያ ካርዱ ይቀመጥ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያለፈ ጉዞን በጥቂት ወራት ውስጥ ያስመዘግባሉ።

ሦስተኛ፣ ርካሽ ትኬት ትንሽ ማይል ያስገኛል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አያስገኝም። ከናይሮቢ አዲስ አበባ በአየር ከ1,100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በማይል ሲቆጠር ከ700 ጥቂት ያለፈ ነው። በርቀት ሲቆጠር እንኳ ለደርሶ መልስ 1,450 ያህል ቢሆን ነው። ዴልታና ዩናይትድ በ2015፣ አሜሪካን በ2016 ደግሞ የሚቆጠረው የተበረረው ርቀት ሳይሆን የተከፈለው ገንዘብ እንዲሆን አድርገዋል። የት እንደሄድን ሳይሆን ስንት እንደከፈልን ይታያል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ማይል ለማግኘት ተብሎ ውድ ትኬት አይገዛ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው። በ50 ዶላር የረከሰ ትኬት ትቶ ለማይል ሲል የተወደደውን የሚገዛ ሰው፣ ምርቃቱን ለማግኘት ሲል የማይበላውን ጤፍ የገዛን ይመስላል።

አምስተኛ፣ ከመጠቀም በፊት ሒሳብ ይሠራ። የነጥብ ትኬት «ነፃ» ቢባልም ታክስና የኤርፖርት ክፍያ ይከፈልበታል። ለምሳሌ ያህል ትኬቱ በጥሬ ገንዘብ 400 ዶላር፣ ታክሱ 100 ዶላር ቢሆንና 25,000 ማይል ቢጠየቅ ያዳንነው 300 ዶላር ብቻ ነው፤ አንዱ ማይል 1.2 ሣንቲም አወጣ ማለት ነው። ያው መንገድ በአስቸኳይ ሲሆን 700 ዶላር ቢደርስና የሚጠየቀው ማይል ባይጨምር ግን 600 ዶላር አዳንን፤ ማይሉ እጥፍ አወጣ። ማይል ዋጋው ከፍ የሚለው ብዙ ጊዜ በክፉ ቀን ነው የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ የሚሄድ ሰው ግን የነጥብ ወንበር ቶሎ ስለሚያልቅ ከወራት በፊት ይጠይቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስድስተኛ፣ ማይል በየቦታው አይበተን። ሦስት ካርድ ላይ የተከፋፈለ ማይል በሦስቱም ትኬት አይቆርጥም። የምንመላለስበት መስመር የማን እንደሆነ ዓይተን አንዱን እንያዝ።

ሰባተኛ፣ ማይልና የይለፍ ቃል ለማንም አይሸጥ፣ አይሰጥ። በደላላ የተገዛ የማይል ትኬት ኤርፖርት ላይ ሊሰረዝ ይችላል፤ የሸጠውም አባልነቱን ያጣል።

ነጥብ ጤፍ አይደለም

ከሁሉም በላይ ማስተላለፍ የምንፈልገው ይህን ነው። እኛ ስንቆጥብ ያደግን ሕዝብ ነን፤ ያገኘነውን ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን። ጤፍ ይህን ልማድ አስተምሮናል፤ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በጎተራ ዓመታት ይቆያል። ነጥብ ግን ጤፍ አይደለም። ይልቁንስ እንደ በርበሬ ነው፤ ሲቆይ ቀለሙ ይለቃል፣ ጣዕሙ ይሄዳል። አንዳንዱ ቀን ተቆርጦለታል፤ ለምሳሌ የስካይዋርድስ ማይል በተለመደው ደንቡ በሦስተኛው ዓመት በአባሉ የልደት ወር ማብቂያ ላይ ያልፍበታል። ዴልታ በ2011፣ ዩናይትድ በ2019 የጊዜ ገደቡን አንሥተዋል፤ ሆኖም ገደብ የሌለውም ማይል ዋጋው ይወርዳል። ዴልታ በ2015 የማይል ዋጋ ሠንጠረዡን ማውጣት ስለተወ አባሉ ትናንት በስንት ይሄድ እንደነበር ከነገ ጋር ማስተያየት አቃተው።

የዚህ ደብተር ባለቤት ማን እንደሆነ በ2020 በግልጽ ታየ። በኮቪድ ምክንያት አውሮፕላኖች ሲቆሙ ብዙ አየር መንገዶች የማይል ዕድሜ አራዘሙ፤ ይህ መልካም ነበር። በዚያው ዓመት ግን ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። እኛ የኛ ነው ያልነው ነጥብ የተጻፈበት ደብተር ለሌላ አበዳሪ መያዣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወንጀል አይደለም፤ ሕጋዊ ነው። ግን ማወቁ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የተናገርናቸውን የምርቃት ሦስት ጠባዮች እናስታውስ። የእናቶቻችን ምርቃት እዚያው ይሰጣል፣ ይታያል፣ አይወሰድም። ማይል ቆይቶ ይሰጣል፣ በወረቀት ብቻ ይታያል፣ ሊወሰድም ይችላል። ስለዚህ እንደ ንብረት አንኩራበት፤ እንደ ምርቃትም አንናቀው። ለአንድ አስቸኳይ ጉዞ የሚበቃውን ያህል እንያዝ፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜው ሳያልፍ አረጋውያን ወላጆቻችንን በሕይወት እያሉ ለማየት እናውለው። ለቀብር ከመሮጥ በቁም መጠያየቅ ይሻላል። ያ ወንድማችን ራሱ ዛሬ ለወጣቶቻችን የሚነግራቸው ይህንኑ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የተረሳ እንቁላል አይፈለፈልም። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ አባላት በሙሉ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ከፍታችሁ ካርዳችሁን ፈልጉ፤ ቀኑን እዩ፤ አድራሻችሁንና የስልክ ቁጥራችሁን አድሱ። መዝገቡም በጸሐፊው እጅ ክፍት ነው። ለቀጣዩ ኢዮቤልዩ በሰላምና በጤና ያድርሰን።